ምን እያነበባችሁ ነው? መጽሐፍ መጠቆም እንደ አማና



በግቢያችን «ምን እያነበብክ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። የነገው ሚድ ነው፣ ያልተጨረሰው ሐንድአውት ነው፣ አለዚያም ሲኒየሮች ትተውልን የሄዱት ያረጀ የፈተና ወረቀት ነው። እዚህ ልናወራ ያሰብነው ስለዚያ አይደለም። ማንም ሳያስገድደን፣ ውጤት ሳይያዝበት ስለምናነበው መጽሐፍ፣ በተለይም ያንን መጽሐፍ ለሌላ ሰው ስለመጠቆም ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከጀመዓችን አባላት ጋር በተቀመጥን ቁጥር ተደጋግሞ የሚነሳ ነገር አለ፦ ብዙዎቻችን ከቤተሰባችን ቀጥሎ ስለ ዲናችን ያወቅነው አንድ ሰው «እንካ፣ ይህን አንብብ» ብሎ በእጃችን ባስቀመጠው መጽሐፍ ነው። ከንባብ የራቀውም ቢሆን ሲጠየቅ፣ ያራቀው አንድ ሰው ያለ ጊዜው የሰጠው መጽሐፍ ሆኖ ይገኛል።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መርካቶ አንዋር መስጂድ አካባቢ እንዳሉት ያሉ የመጽሐፍ መደብሮች እዚህ የሉንም። ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ከሽቶው፣ ከሲዋኩና ከኮፊያው ጎን የሚዘረጉ ጥቂት መጻሕፍት ናቸው ያሉን፤ ዱራሜ፣ ሾኔ ወይም ሺንሺቾ ያደገ ተማሪ ደግሞ ይህንንም ሁልጊዜ አላገኘም። ስለዚህ መጽሐፍ ወደ እኛ የሚመጣው በሰው ነው። ከወራቤ የመጣ ወንድም በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ ከሀላባ ቁሊቶ የመጣች እህት ለዶርም ጓደኛዋ ታውሳታለች፤ ተመራቂው ሲወጣ ለፍሬሹ ጥሎለት ይሄዳል። እጅ በእጅ በሚሄድ ነገር ላይ ደግሞ የሰጪው ቃል ትልቅ ሚዛን አለው። «አንብበው» ያለን ሰው ከደራሲው በፊት ያመንነው ሰው ነውና።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኪታብ በሚቀራበት ቤት ደረሳው መጽሐፉን ራሱ አይመርጥም፤ ሸኹ ይመርጥለታል። ቁርኣኑን ያኸተመ ልጅ ወደ ፊቅህ ሲገባ ትልቁን መጽሐፍ ማንም አያሸክመውም። በእኛ አካባቢ በአብዛኛው የሚቀራው የሻፊዒይ መዝሀብ ስለሆነ፣ የተለመደው መንገድ ከትንሿ ሰፊነቱ ነጃ ወይም ከአቡ ሹጃዕ አጭር መትን ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ነወዊይ ሚንሃጅ የሚወጣ ነው። በነሕውም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ አጅሩሚያ፣ የኢብኑ ማሊክ አልፊያ ግን በኋላ ነው። ደረሳው አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ቢመኝ ሸኹ ፈገግ ብለው ዝም ይሉታል። ዛሬ «ይህ ልጁን ማፈን ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከዚህ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥበብ ይታየናል፦ መጽሐፍ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህ ሰው፣ አሁን፣ ጥሩ መሆን አለበት።

ስለ ሰፊና አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንንገራችሁ። ጸሐፊዋ ሳሊም ኢብኑ ሱመይር የሐድረመውት ሰው ናቸው። የሞቱት ግን በ1855 እ.ኤ.አ በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ ነው። ጥቂት ቅጠል ያላት ይህች ኪታብ ማስታወቂያ ሳይነገርላት፣ ሽልማት ሳታገኝ፣ ከየመን እስከ ኢንዶኔዥያና እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ በየመድረሳው የምትቀራው አስተማሪ ለተማሪ፣ ተማሪም ለራሱ ተማሪ ስለሰጣት ነው። መጽሐፍ መጠቆም ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

ከዚያም ኢጃዛ አለ። አንድ ዓሊም ለደረሳው ኢጃዛ ሲሰጠው «ይህን ኪታብ ከእኔ ቀርተሃል፤ ለሌላ ማስቀራት ትችላለህ» ማለቱ ነው። እሱም ከማን እንደቀራው፣ ያም ከማን እንደቀራው በሰነድ ይቆጠራል። የዚህ ሥርዓት ትርጉም ለዛሬ ተማሪ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ ስሙን ያስያዘ ሰው አለ። ቃሉን የሚጠየቅበት ሰው አለ። አሁን በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ተመልከቱ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የላከልን ሰው ራሱ ከፍቶት አያውቅም፤ እኛም ሳንከፍተው ለሌላ ግሩፕ እናስተላልፈዋለን። ሰነዱ ተቆርጧል ማለት ነው። በስልካችን ውስጥ 300 ኪታብ ተኝቶ አንዱንም ገልጠን የማናውቅ ስንት እንደሆንን ራሳችን እንጠያየቅ።

በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን አንድን መጽሐፍ መውደድ ሥራ ነበረው። ደረሳው የሸኹን ቅጂ ተውሶ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ፣ ቅጠል በቅጠል መገልበጥ ነበረበት። ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙንና ያጠናቀቀበትን ቀን ያሰፍራል። ሐረር በዚህ የታወቀች ናት፤ በከተማዋ መጻሕፍት ይገለበጡ ብቻ ሳይሆን በቆዳ ይጠረዙም ነበር። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት ሰብስበው በሐረር ባቋቋሙት የግል ሙዚየም ውስጥ ከእነዚህ የእጅ ጽሑፎች ብዙዎቹ ይገኛሉ፤ የጥረዛውን ጥበብም እንዳይጠፋ መልሰው ካነሡት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። በእንደነዚህ ያሉ ጥንታዊ መጻሕፍት መግቢያ ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ የወቅፍ ቃል ይገኛል፦ መጽሐፉ ለአላህ ብሎ የተሰጠ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይወረስ፣ ማን እንዲያነበው እንደተሰጠ የሚገልጽ። መጽሐፍ ማካፈል በእነሱ ዘንድ ይህን ያህል የተጻፈ፣ የታሰረ ቃል ነበረው። እኛ ያዋስነው መጽሐፍ ሳይመለስ ሲቀር «የት ሄደ?» የምንለው አንድም ነገር ስላልጻፍንበት ነው። ቢያንስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የባለቤቱን ስምና «አንብበህ ስትጨርስ ለእገሌ ስጥ» የሚል መስመር መጻፍ ምንም አያስወጣም።

ወደ ሰፊው ዓለም ስንወጣ፣ ሰው ምን ማንበብ እንዳለበት ለመጠቆም ዕድሜውን የሰጠ ሰው በታሪካችን አለ። የባግዳዱ ኢብኑ ነዲም መጽሐፍ ሻጭና ገልባጭ ነበር። በ377 ሂጅራ፣ ማለትም በ987 እ.ኤ.አ፣ «አል-ፊህሪስት» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በዐረብኛ የተጻፉ ወይም ወደ ዐረብኛ የተተረጎሙ ሊደርስባቸው የቻለ መጻሕፍት ሁሉ በዘርፍ በዘርፋቸው የሰፈሩበት ነው። ከእነዚያ አብዛኞቹ ዛሬ ጠፍተዋል፤ መኖራቸውን የምናውቀው እሱ ስለጻፋቸው ብቻ ነው። እኛን የሚማርከን ግን ጥንቃቄው ነው። በብዙ ቦታ በዐይኑ ያየውንና የሰማውን ይለያል፤ አንዳንዱን «በእገሌ የእጅ ጽሑፍ አይቼዋለሁ» ይላል። ለገጣሚዎች ሥራ ደግሞ ስንት ቅጠል እንደሆነ ይናገራል፤ ያ ቅጠል ስንት መስመር እንደሚይዝ ሳይቀር አስቀድሞ ያስረዳል። ገዢው ምን ያህል እንደሚሸከም እንዲያውቅ ነው፤ የነጋዴ ልማድ ነው፣ ግን ታማኝ የነጋዴ ልማድ።

ከእሱ ከ600 ዓመታት በላይ ቆይቶ በኢስታንቡል የኖረው ካቲብ ቸለቢ (የሞተው በ1657 እ.ኤ.አ ነው) «ከሽፉ ዙኑን» በተባለው ሥራው 15 ሺህ ገደማ መጻሕፍትን መዝግቧል። እሱም ተመሳሳይ መለያ ነበረው፤ ራሱ ገልጦ ላያቸው መጻሕፍት የመጀመሪያ ቃላቸውን ይጽፋል። አንባቢው የመክፈቻውን ቃል ሲያይ «ይህን መጽሐፍ በእጁ ይዞታል» ብሎ ያውቃል። ከሁለቱ ሰዎች የምንማረው ነገር በጣም ቀላል ነው፦ «እያነበብኩት ነው»፣ «አንብቤ ጨርሼዋለሁ» እና «ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሦስቱንም መናገር ይቻላል፤ ሦስተኛውን በሁለተኛው ልብስ ማልበስ ግን ውሸት ነው። ሚድ ደርሶበት ጊዜ የጠበበውን ወንድም ሳናነበው ባመሰገንነው 400 ገጽ ላይ አንድ ወር ስናስፈጅበት ከዕድሜው ወስደናል።

በአማርኛ የሚነበብ እስላማዊ መጽሐፍ ታሪኩ ረጅም አይደለም። በወሎ ያሉ ዓሊሞች በዐረብኛ ፊደል አማርኛን ሲጽፉ፣ መንዙማ ሲደርሱ ኖረዋል፤ ይህ ዐጀሚ የሚባለው ነው። በታተመ መጽሐፍ ረገድ ግን ትልቁ ምዕራፍ 1961 ዓ.ም ነው፤ የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም የታተመው በዚያ ዓመት ነው። ሥራውን ከሠሩት ዑለማዎች መካከል ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ይገኛሉ። ዐረብኛ ያልቀሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚቀሩት አያ ምን እንደሚል በሚናገሩት ቋንቋ ገጽ ላይ ያዩት ያኔ ነው። የኅትመቱ ጎርፍ ደግሞ የመጣው ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው። እንደ ነጃሺ ያሉ አሳታሚዎች፣ እንደ «ቢላል» ያሉ መጽሔቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንባቢ አፈሩ። ነፍሳቸውን አላህ ይማርና የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ይህን ጉዳይ ለብቻው አጥንተውታል፤ ከ1991 እስከ 1994 እ.ኤ.አ የታተሙትን እስላማዊ ጽሑፎች አይተው ስለ መነቃቃቱ ጽፈዋል። እኚህ ሰው በይበልጥ የሚታወቁት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፤ የታሪክ ተማሪ ላልሆነም ይገባል። ስለ ዳናና ስለ ጫሊ ያሉ የዒልም ማዕከላት ስም ብቻ እየሰማ ላደገ ተማሪ መልካም ንባብ ነው እንላለን።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ የምንጠቁመው ነገር ብዙዎቻችሁን ያስገርማል ብለን እናስባለን። ሀዲያ የሚለው ስም በዐረብኛ መጻሕፍት ውስጥ ከሰፈረ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኖታል። በካይሮና በደማስቆ የኖረው ኢብኑ ፈድሊላህ አል-ዑመሪ (የሞተው በ1349 እ.ኤ.አ ነው) «መሳሊኩል አብሷር» በተባለው ትልቅ ሥራው ውስጥ ከኢፋት፣ ከደዋሮና ከባሌ ጋር ከቆጠራቸው ሰባት የሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት አንዷ ሀዲያ ናት። ርዝመቷ የስምንት ቀን፣ ስፋቷ የዘጠኝ ቀን መንገድ እንደሆነና 40 ሺህ ፈረሰኛ እንዳላት ጽፏል። ይህን ለጓደኛ ስንነግር ግን ሌላውንም መንገር አለብን፦ ዑመሪ ሐበሻን ረግጦ አያውቅም። የሰማው ከአገሩ ከሄዱ ሰዎች፣ በተለይም ሸኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒይ ከተባሉ ዓሊም ነው። ቁጥሩን «እንዲህ ተብሎ ተነግሮታል» ብሎ መያዝ እንጂ እንደ ቆጠራ ውጤት መደገፍ አይገባም። መጽሐፉ በዚህ አይረክስም፤ እንዲያውም ምንጩን ስለነገረን ነው ልንመዝነው የቻልነው።

በቅርቡ ዘመን ስለ ሀዲያና ከምባታ በጥልቀት የጻፈው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ እዚህ አገር እየተዘዋወረ ከሽማግሌዎች የቃል ታሪክ ሰብስቧል። የሀዲያ ታሪኩ በጀርመንኛ በ1980፣ የከምባታው በ1983፣ የሀዲያው እንግሊዝኛ ቅጂ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ ወጣ። በ2002 የታተመው የጽሑፎቹ ስብስብ በተለይ የሚያወራው በደቡብ ኢትዮጵያ ስላለው የእስልምና ታሪክና ባህል ነው። መጽሐፉ ደረቅ ነው፤ የጎሳ ስምና የትውልድ ሐረግ ይበዛበታል፤ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አይደለም። ቢሆንም የድሮው የሀዲያ ስም ዛሬ በዞን ድንበር ከታጠረው እጅግ የሰፋ እንደነበር፣ ዛሬ ማረቆ፣ ቀቤና፣ ሀላባ፣ ስልጤ ብለን በየስማቸው የምንጠራቸው ሕዝቦች ታሪካቸው ምን ያህል የተጋመደ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘንም። ከስልጤ የመጣው ወንድማችንና ከሌሞ የመጣው ፕሮቴስታንት የዶርም ጓደኛው አንድ ምዕራፍ አብረው ቢያነቡ የሚጫወቱት አያጡም። የንግሥት እሌኒ ታሪክ አለላችሁ፤ የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ሆና ተወልዳ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ገብታ፣ ከእሱም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ጉዳይ ስትመራ የኖረች ሴት። ሁለቱም ተማሪዎች «የእኛ ናት» ይላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። በዚህች ከተማ ብዙኃኑ ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው፤ በዶርም ስድስት ሆነን ስንኖር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሙስሊም ነን። ዲናችንን የሚጠይቅ የዶርም ጓደኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው የትኛው መጽሐፍ ነው? በእጃችን በብዛት የሚገኘው የክርክር መጽሐፍ ነው፤ በሁለቱም ወገን እንዲሁ። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ በቅንነት ለጠየቀ ሰው የመጀመሪያው መጽሐፍ የክርክር መጽሐፍ መሆን የለበትም። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ስጡት። ከሲራ መጻሕፍት «አር-ረሒቁል መኽቱም» በሰፊው የሚነበብ ነው፤ ሕንዳዊው ሶፍዩረሕማን አል-ሙባረክፉሪ የጻፉት ሲሆን ራቢጣ ባዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሲራ ውድድር አንደኛ የወጣ ነው። ወደ ሐበሻ የተደረገው ሂጅራ ከሚነገርበት ምዕራፍ ቢጀምር ደግሞ አገሩን ያገኛል፤ ነጃሺን ያገኛል፤ ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም ማንበብ የእሱ ፈንታ ነው። እሱም የራሱን መጽሐፍ ቢሰጠን መቀበልና ምን እንደሚል ማንበብ ነውር የለውም። የዲን ጉዳይ ግራ ያጋባው ተማሪ ካለ ግን ብቻውን ከመታገል ወደ ኡስታዞቻችን ይምጣ።

በራሳችን መካከልስ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በጀመዓ ውስጥ የመጽሐፍ ስም አንዳንድ ጊዜ መታወቂያ ወረቀት ይሆናል። አንዱ የእገሌን መጽሐፍ ስለያዘ «ይህ ከእነዚያ ነው» ይባላል፤ ሌላው የእገሌን ስላልያዘ «ዒልም የለውም» ይባላል። ፍሬሽ ተማሪ መጥቶ ገና ሰላቱን ሳያስተካክል የዑለማ ክርክር የሞላበት ጥራዝ ይሰጠዋል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሰው መፈረጅ ይጀምራል፣ ሰላቱ ግን ባለበት ነው። ይህ የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ የፈረሰበት ነው። ኢማሙ ነወዊይ ከሚንሃጅ ሌላ «አርበዒን» የጻፉት ለዚህ ዓይነቱ ሰው ይመስለናል። 40 ቢባልም ሐዲሦቹ 42 ናቸው፤ በቀን አንድ ቢነበብ በሴሚስተሩ አጋማሽ ያልቃል። ከዚያ «ሪያዱ ሷሊሒን» አለ፤ በአማርኛም ይገኛል። የ45 ዓመት ዕድሜ እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው ሰው ይህን ሁሉ ትተውልን ማለፋቸው ራሱ ለሰነፍ ተማሪ ትምህርት ነው። የፊቅህ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ መጽሐፉን መጠቆምና ከመጽሐፉ ፈትዋ መስጠት አንድ አይደሉም። «ይህ ምዕራፍ ስለ ሙሳፊር ሰላት ያወራል» ማለት እንችላለን፤ «ስለዚህ አንተ እንዲህ አድርግ» የሚለውን ለቀራ ሰው እንተውለት።

ዓለማዊውን መጽሐፍ ስለመጠቆም የሚያፍሩም አሉ፤ «ጀመዓ ውስጥ ልቦለድ?» የሚል። ለምን አይሆንም? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ሲታተም የገዛው ሰው ጥቂት ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠሩ ሳይቀሩ ሰምተውታል። መጽሐፍ መጠቆም አንዳንዴ ድምፅን ማዋስ ነው። ዐይኑ ለደከመ ወንድም ወይም ለዓይነ ስውር የግቢያችን ተማሪ አንድ ምዕራፍ ማንበብ፣ በስልክ ቀድቶም መስጠት ይቻላል። ሐላልና ሐራሙን ለይቶ የሚያነብ ሰው ከልቦለዱም ከሕክምናውም ከምሕንድስናውም የሚያገኘው አለው፤ የሚጠቁም ሰው ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የማይወደው ነገር ካለ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። «ጥሩ ነው፤ ግን ከመሐል ያለው ክፍል አይመቸኝም» የሚል ምክር «ምርጥ ነው» ከሚለው አሥር ጊዜ ይጠቅማል።

ስለ ፒዲኤፍ ሌላም የሚነገር አለ። ቀደምት ኪታቦችን በሶፍት ኮፒ መለዋወጥ ችግር የለውም፤ ጸሐፊዎቻቸው ካለፉ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋል፣ ለዒልም ትተዋቸዋል። ነገር ግን አንድ በሕይወት ያለ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ወይም ተርጓሚ ከማተሚያ ቤት ተበድሮ ያሳተመውን መጽሐፍ፣ ገና በወጣ በወሩ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በግሩፕ መልቀቅ ምን ይባላል? በአገራችን ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ሕጉ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ በኩዌት ባደረገው ስብሰባ የደራሲነት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ እንደሆነና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ገንዘብ እንደሌለን እናውቃለን፤ የተማሪ ኪስ አይደበቅም። መፍትሔው አለ፦ አምስት ሰው አዋጥቶ አንድ መጽሐፍ ይገዛል፣ በተራ ይነበባል፣ በመጨረሻ ለመስጂዱ መደርደሪያ ወቅፍ ይሆናል። ደራሲውም አንድ ቅጂ ሸጠ፣ አምስት ሰውም አነበበ፣ መስጂዱም መጽሐፍ አገኘ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ደግሞ ተነቦ ያልቃል፤ ስድስተኛው ቀን ላይ «ጨርስ እንጂ!» የሚል ወንድም አለና።

መደርደሪያ ካልን አይቀር፦ በብዙ መስጂድ የመጽሐፍ መደርደሪያው ያለው በወንዶች በኩል ነው። እህቶች መጽሐፍ ሲፈልጉ ልጅ ልከው ወይም ወንድም ለምነው ነው የሚያገኙት፤ ርዕሱን እንኳ ገልጦ የማየት ዕድል የላቸውም። በሴቶች ዶርም ውስጥ የራሷ ዝርዝር ያላት አንዲት ኃላፊ እህት ብትኖር፣ ካሉት መጻሕፍት ግማሹ በየወሩ ወደዚያ ቢዛወር፣ መንገዱ ቅርብ ይሆናል። ሻንጣ የሚያክል ነገር ይበቃል። በዚህ አገር መጽሐፍ ከዚህም በባሰ መንገድ ተጉዟል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለ ድርጅት በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ ለልጆች መጽሐፍ ሲያደርስ ነበር፤ በከምባታ ገጠር ደግሞ በፈረስ። ዑመሪ የሰማው 40 ሺህ ፈረሰኛ እውነት ይሁን አይሁን፣ በከምባታ ፈረስ መጽሐፍ መሸከሙ ግን እውነት ነው።

በዚህ ሴሚስተር እንዲህ ልናደርግ አስበናል። ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ በሚደረገው ሐለቃ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ለዚህ ብቻ ይሰጣል። ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህት፣ አሁን የያዙትን መጽሐፍ ይናገራሉ። የሚናገሩት ይህን ነው፦ ስንተኛ ገጽ ላይ እንደደረሱ፣ ማን እንዲያነበው እንደሚመክሩና ማን ለጊዜው ባያነበው እንደሚሻል፣ ስንት እንደገዙት ወይም ከማን እንደተዋሱት። ያላለቀ መጽሐፍ ማቅረብ ይቻላል፤ ያቋረጡትንም ለምን እንዳቋረጡ መናገር ይቻላል፤ ሌላው እንዳይገባበት ይረዳልና። ማጠቃለያ ማንበብ ወይም ዳዕዋ ማድረግ አያስፈልግም፤ ያ የራሱ ሰዓት አለው። ያልቀረቡት ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ለጽሑፍ ክፍላችን ይስጡ፤ በሚቀጥለው ዕትም ኢንሻ አላህ እናወጣዋለን።

ለዕረፍት ወደ ቤት የምትሄዱ ደግሞ አንድ አደራ አለን። በወራቤ፣ በቁሊቶ፣ በሻሸጎ፣ በዱራሜ ዙሪያ ኪታብ የቀሩ አባቶች አሁንም አሉ። ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ በልጅነታቸው መጀመሪያ የቀሩት ኪታብ የትኛው ነበር? ከማን ቀሩት? ለመቅራት የት ድረስ በእግራቸው ሄዱ? ቅጂው የማን ነበር፣ አሁንስ የት ነው? በሀዲይሳ፣ በከምባትኛ ወይም በስልጥኛ ቢነግሯችሁ በዚያው ቋንቋ ጻፉት፤ የሚተረጉም አናጣም። በቆዳ የተጠረዘ አሮጌ ኪታብ ቤት ውስጥ ካለም አታምጡት፣ አትሽጡትም፤ ከጢስና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል ብቻ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሡልን። ስምና ቀን የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።